ጭንቀቱ ከራዳሩ ክፍል ውጭ ይጀምራል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በስዊዘርላንድ የዙሪክ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ አንድ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት የሥራ ቦታ ይዞ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ባልደረባው ሊያርፍ ወጥቷል። ሁለቱ የራዳር ስክሪኖች የተራራቁት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የሬዲዮ ሞገዳቸው ግን ይለያያል፤ በአንዱ ሲነጋገር ሌላውን በሙሉ ልቡ መከታተል አይችልም። በአንደኛው ስክሪን ወደ ፍሪድሪክስሃፈን አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ፣ ሰዓቱ ያለፈበት ኤርባስ አለ። በሌላኛው ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና የሚበር የባሽኪሪያን አየር መንገድ ቱፖሌቭና ከቤርጋሞ ወደ ብራስልስ የሚጓዝ የዲኤችኤል ጭነት ጫኝ ቦይንግ 757 በእኩል ከፍታ፣ በ36 ሺህ ጫማ ላይ፣ ወደ አንድ ነጥብ እየገሰገሱ ነው። ተቆጣጣሪው ኤርባሱን ለማስረከብ ወደ ፍሪድሪክስሃፈን ይደውላል፤ ስልኩ አይሠራም። ደግሞ ይሞክራል፤ አሁንም እምቢ ይላል። በዚያ ሌሊት ቴክኒሻኖች የማዕከሉን መሣሪያዎች እየጠገኑ ስለነበር ዋናው የስልክ መስመር ተቋርጧል፤ መጠባበቂያው መስመር ብልሽት ነበረበት፤ ሁለት አውሮፕላኖች ሲቀራረቡ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ማስጠንቀቂያም ጠፍቷል። ድንበር ማዶ፣ በጀርመን ካርልስሩኸ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ አደጋውን አይቶ ወደ ዙሪክ 11 ጊዜ ሞከረ፤ አንዱም አልገባም። ግጭቱ ሊደርስ 43 ሰከንድ ሲቀረው የዙሪኩ ሰው አየና ቱፖሌቩ በፍጥነት እንዲወርድ አዘዘ። ከሰባት ሰከንድ በኋላ በሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አውቶማቲክ የግጭት መከላከያ፣ ቲካስ፣ ተናገረ፤ ቱፖሌቩን ውጣ፣ ቦይንጉን ውረድ አለ። የቦይንጉ አብራሪዎች መሣሪያውን ሰሙ፤ የቱፖሌቩ አብራሪዎች ተቆጣጣሪውን ሰሙ። ሁለቱም ወረዱ። ከጀርመኗ ኡበርሊንገን ከተማ አጠገብ በሰማይ ላይ ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሩሲያዋ ኡፋ ከተማ ለዕረፍት የተነሡ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህ ሌሊት ከ15 ዓመት በኋላ የሆሊውድ ፊልም ሆነ። በኤሊየት ሌስተር የተዘጋጀው «አፍተርማዝ» ታሪኩን ወደ አሜሪካ አዛውሮ አርኖልድ ሽዋዜኔገርን ሚስቱንና ልጁን በአደጋው ያጣ የግንባታ ሠራተኛ፣ ስኩት ማክኔሪን ደግሞ ተቆጣጣሪው አድርጎ አቀረበ። የቁጥጥር ክፍሉ ትዕይንት በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ ባልደረባው ወጣ ይላል፣ የስልክ ሠራተኞች ይገባሉ፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሰውዬው ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ከክፍሉ ወጥቶ አይመለስም። ቀሪው ፊልም የሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ በሐዘን፣ ሌላው በጥፋተኝነት ስሜት ይንገላታል፤ መጨረሻቸውም ቢላ ነው። ይህ ከእውነተኛው ታሪክ የራቀ አይደለም። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ያጣ አንድ አባት በፌብሩዋሪ 2004 ተቆጣጣሪውን ዙሪክ አቅራቢያ ከሚገኝ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወግቶ ገድሎታል። የጀርመን የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው ግን በግንቦት ወር፣ ከግድያው ሦስት ወር ገደማ በኋላ ነበር። ፍርዱ ከማስረጃው ቀደመ ማለት ነው። ፊልሙ ሪፖርቱ ከወጣ 13 ዓመት ቆይቶ ሲሠራም የመረጠው ያንኑ የቀደመውን ፍርድ መንገድ ነው፤ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ነርቭ፣ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ጫነው።

ችግሩ የአንድ ፊልም ብቻ አይደለም። ስለ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የተሠሩ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ጭንቀቱን የሚያስቀምጡት ወይ በክፉ ሰው እጅ ወይ በደካማ ሰው ራስ ውስጥ ነው። በ1990ው «ዳይ ሃርድ 2» አሸባሪዎች የዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያን መሣሪያዎች ጠልፈው አንድ አውሮፕላን መሬቱ ዝቅ ያለ መስሎት እንዲከሰከስ ያደርጋሉ፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመው ያያሉ። በ1998ው «ግራውንድ ኮንትሮል» ኪፈር ሰዘርላንድ ያለፈ አደጋ የሚያባንነው ተቆጣጣሪ ሆኖ በአንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በዝናብና በነጎድጓድ መካከል፣ ራሱን ያድሳል። መሣሪያው ያረጀ መሆኑ በፊልሙ ይነገራል፤ መፍትሔው ግን የጀግናው ወኔ ነው። የእነዚህ ፊልሞች መነሻ ሐሳብ ጭንቀት ከውስጥ ይመነጫል፣ ጠንካራ ሰው ይቋቋመዋል፣ ደካማው ይወድቅበታል የሚል ነው። የአደጋ ምርመራ ሰነዶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። በራዳሩ ፊት የተቀመጠውን ሰው የሚያስጨንቀው ነገር ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት፣ በበጀት ስብሰባ፣ በፈረቃ ሠንጠረዥና በጥገና ዕቅድ ላይ ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። ፊልሞቹ ይህን ሲተዉ እውነቱን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ምርጥ ሰቀቀንም አብረው ይጥሉታል።

ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ በግልጽ የሚታየው በማይክ ኒውወል «ፑሺንግ ቲን» ላይ ነው። የ1999ው ፊልም መነሻ ዳርሲ ፍሬይ በ1996 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ያሳተመው ረጅም ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ የኒው ዮርክን ሦስት ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ያስተናግድ የነበረውን፣ ሎንግ አይላንድ ዌስትበሪ ላይ ያለውን የራዳር ክፍል የሚመለከት ነው። ያ ክፍል ወደ ፊልም ሲሻገር ጆን ኩሳክና ቢሊ ቦብ ቶርንተን ማን ይበልጥ ወንድ ነው በሚል የሚፎካከሩበት፣ ፉክክሩም እስከ ትዳራቸው የሚዘልቅ ጨዋታ ሆነ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ክፍሉ ግን እዚያው ቀረ። የኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ የአቀራረብ ቁጥጥር በ2024 ከዚያ ክፍል ተነሥቶ ወደ ፊላዴልፊያ ተዛወረ። በኤፕሪል 28 ቀን 2025 የግንኙነት መስመር ብልሽት የፊላዴልፊያዎቹን ተቆጣጣሪዎች ለ90 ሰከንድ ያህል ራዳርም ሬዲዮም አሳጣቸው። የሚመሯቸው አውሮፕላኖች በሰማይ ላይ ነበሩ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ፣ ጆሮ ማዳመጫውም ዝም። ማንም አልሞተም። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዳንዶቹ ግን ከድንጋጤው ለማገገም ከሥራ ወጥተው ቆዩ። ለልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚበቃ ከዚህ የተሻለ አንድ ደቂቃ ተኩል ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ግን ክፉ ሰውም፣ ደካማ ሰውም የለም፤ ያለው ያልታደሰ መስመር ነው።

ነገሩን ይበልጥ ቀርቦ ለማየት ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ምሽት እንሂድ። የማማው ተቆጣጣሪ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ አነስተኛ የስካይዌስት አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ ለመነሣት እንዲጠብቅ ፈቀደችለት። በዚያው ጊዜ የሌላ አነስተኛ አውሮፕላን ሠራተኞች ሞገድ ቀይረው ኖሮ ጥሪዋን አልመለሱም፤ እነሱን ፍለጋ ሐሳቧ ተከፈለ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ በረራ ስትሪፕ በምትባል ቀጭን ወረቀት ይመዘገብ ነበር፤ ተቆጣጣሪው በዓይኑ የሚቆጥረው እሷን ነው። ለመነሣት የተዘጋጀ የሦስተኛ አነስተኛ አውሮፕላን ስትሪፕ ደግሞ ከፊቷ አልነበረም፤ ሌላ የሥራ ቦታ ላይ ቀርቷል። ይህ ሦስተኛ አውሮፕላን ሲያነጋግራት ማኮብኮቢያው ላይ ያቆመችው ስካይዌስት ነው ብላ አሰበች፤ ስለዚህ ማኮብኮቢያው ባዶ መሰላት። የምድር ላይ እንቅስቃሴን የሚያሳየው ራዳር ተበላሽቶ ስለነበር የሚያርማት ነገር አልነበረም። የዩኤስኤር ቦይንግ 737 እንዲያርፍ ፈቀደች፤ አርፎም ከቆመው አውሮፕላን ጋር ተላተመ። 35 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋነኛውን ምክንያት ሲጽፍ ግን የተቆጣጣሪዋን መርሳት አላስቀደመም። የማማው አስተዳደር አንድ ሰው ሲሳሳት ሌላው የሚይዝበትን አሠራር አለመዘርጋቱን፣ የበላይ መሥሪያ ቤቱም በቂ መመሪያና ክትትል አለማድረጉን አስቀደመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ ምርመራው የጠየቀው ሎሚው ለምን ወደቀ ብሎ ሳይሆን ለምን አንድ ሰው ብቻ አሸከማችሁት ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ አነጋገር ጥፋትን ወደ «አሠራር» ገፍቶ ግለሰቡን ነጻ ማውጣት አይሆንም ወይ? የዙሪኩ ተቆጣጣሪ በጊዜው አላየም፤ የቦይንጉንም አቅጣጫ ለቱፖሌቩ አብራሪዎች አሳስቶ ነገራቸው፤ በግራቸው ያለውን በቀኛችሁ ነው አላቸው። ይህ እውነት ነው፤ ሪፖርቱም አልደበቀውም፤ ተቆጣጣሪው ግጭቱን በወቅቱ አለማስተዋሉ ከቅርብ ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ያው ሪፖርት ግን ከዚያ በታች፣ የኩባንያው አስተዳደር በሌሊት ትራፊክ ሲቀንስ አንዱ እንዲያርፍና ሌላው ብቻውን እንዲሠራ ለዓመታት እያወቀ ዝም ማለቱን ጽፏል። ከአሠራር መጠየቅ ማለት ማንንም አለመጠየቅ አይደለም፤ አሠራር ፊርማ አለው፣ ፈራሚም አለው። በ2007 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት የዙሪኩን ማዕከል የሚያስተዳድረውን ኩባንያ፣ የስካይጋይድን፣ ስምንት ሠራተኞች ጉዳይ መርምሮ አራቱን ጥፋተኛ አለ፤ ሦስቱ ሥራ አስኪያጆች በገደብ የሚቆይ እስራት፣ አራተኛው የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባቸው። ተቆጣጣሪው ግን ያን ጊዜ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የገደለውም አባት ቅጣቱ ተቀንሶለት የተፈታው በዚያው ዓመት ነው። ተጠያቂነትን በአንድ ሰው ላይ የሚጭን ትረካ ከባድ ይመስላል እንጂ እውነተኛዎቹን ውሳኔ ሰጪዎች በቀላሉ የሚያሳልፍ ነው።

ከዚህም በላይ፣ አንድን ሰው ቀጥቶ ዶሴ መዝጋት ቀጣዩን አደጋ አይከላከልም። ከኡበርሊንገን 17 ወር በፊት፣ በጃንዋሪ 2001፣ በጃፓን ሰማይ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ሥልጠና ላይ ያለ ተቆጣጣሪ የሁለት የጃፓን አየር መንገድ በረራዎችን ቁጥር አምታቶ 958 መውረድ ሲገባው 907ን ውረድ አለው። ቲካስ ለ907 ውጣ ይላል፤ አብራሪው ግን ተቆጣጣሪውን ተከትሎ ወረደ፤ ሌላኛውም በመሣሪያው ትእዛዝ እየወረደ ነበር። አብራሪው በመጨረሻው ሰከንድ በዓይኑ አይቶ ስላመለጠ ማንም አልሞተም፤ አንድ መቶ ያህል ሰዎች ግን ተጎዱ። የጃፓን ዐቃቤ ሕግ ሠልጣኙንና አሠልጣኟን ከሶ፣ ጉዳዩ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነታቸውን አጸና። አደጋው ግን አንድ ግልጽ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ መሣሪያውና ሰው ሲቃረኑ አብራሪው ማንን ይስማ? ኡበርሊንገን ሲደርስ በዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ ይህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ አልነበረውም፤ መሣሪያው ይቀድማል የሚለው በማያሻማ ቃል የገባው 71 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። በጃፓን ፍርድ ቤት ሁለት ሰዎች ተገኙ፤ ደንቡ ግን ተከሳሽ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊልም ሰዎች ይመጣል። ፊልም የምርመራ ሪፖርት አይደለም፤ ተመልካች ከበጀት ሠንጠረዥ ጋር አያለቅስም፤ ፊት ያስፈልገዋል ይላሉ። ፊት እንደሚያስፈልግ አያከራክርም። ክርክሩ ያለው ፊቱ ምን እያየ ነው በሚለው ላይ ነው። የፖል ግሪንግራስ የ2006 «ዩናይትድ 93» ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ቤን ስላይኒ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአሜሪካ የበረራ ሥርዓት ብሔራዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ በፊልሙም ራሱን ሆኖ ተጫውቷል፤ ከእሱ ጋር እውነተኛ ተቆጣጣሪዎችም አሉ። የግል ታሪክ የለም፣ ያለፈ ቁስል የለም፣ የትዳር ጠብ የለም። ያለው መረጃ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘገይ፣ ሲጣመም፣ ስልክ ሲያዝና የተሳሳተ ሰው ሲያነሣው ማየት ነው። ተመልካቹ ደግሞ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት አያውቁም። አልፍሬድ ሂችኮክ ስለ ሰቀቀን ሲያስረዳ ከጠረጴዛ ሥር ያለውን ቦምብ ይጠቅስ ነበር፤ ተመልካቹ ቦምቡን ካወቀ ተራ ወሬ እንኳ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ካላወቀ የሚያገኘው የአንድ አፍታ ድንጋጤ ብቻ ነው። የተቋረጠው ስልክ፣ የጠፋው ማስጠንቀቂያ፣ ሊያርፍ የወጣው ባልደረባ፣ የተበላሸው የምድር ራዳር ከጠረጴዛው ሥር ያሉት ቦምቦች ናቸው። ቴክኒሻኑ መስመሩን ሲነቅል ካየን በኋላ ተቆጣጣሪው ስልኩን ሲያነሣ ማየት፣ ከየትኛውም አሸባሪ ይልቅ ያስጨንቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ነገሩ በቴክኖሎጂ ያልፋል የሚል ነው። ለዚህ ተቃውሞ ከቤታችን ጠንካራ ማስረጃ አለ። በኦገስት 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ማረፊያውን አልፎ ሄደ፤ አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ተዘገበ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሯቸው፤ መልስ አልነበረም። በዘገባው መሠረት የቀሰቀሳቸው አውቶፓይለቱ ሲለቅ የሚጮኸው ደወል ነው፤ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። መሣሪያ ሰውን ያተረፈበት ቀን ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ግን በዙሪክ ሌሊትም መሣሪያው፣ ቲካስ፣ በትክክል ሠርቶ ነበር፤ ያልሠራው መሣሪያውና ሰው ሲጋጩ ማን ይሰማ የሚለው ስምምነት ነው። ደወሉም የአብራሪ ድካም ከየት መጣ የሚለውን አይመልስም። አዲስ መሣሪያ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሸክሙን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል፤ የት እንዳረፈ የሚከታተል ሰው ካልተመደበ ቀጣዩ አደጋ እዚያ ይጠብቃል።

ይህ ሸክም በመጨረሻ የሥራ ጉዳይ ነው፤ ተቆጣጣሪዎችም ራሳቸው ከማንም በፊት ተናግረውታል። በኦገስት 1981 ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ጭማሪና አጭር የሥራ ሳምንት ጠይቀው አድማ ሲመቱ ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑትን አባረሩ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ተቆጣጣሪዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። አድማው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በሰማይ ላይ ሰው ይዞ ሥራ ማቆም ቀላል ጥያቄ አይደለም። የማያከራክረው ግን፣ ስለ ሥራ ጫና የሚነሣ ጥያቄ በሰላሙ ጊዜ የጥቅም ጥያቄ ተብሎ ሲታለፍ፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ የአንድ ሰው ስሕተት ሆኖ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዋሽንግተን አንድ የመንገደኞች ጄትና የጦር ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰዎች ሲሞቱ፣ በማማው ውስጥ የሄሊኮፕተሮችና የአውሮፕላኖች ቁጥጥር ተጣምሮ በአንድ ሰው እጅ ነበር። ምርመራው እንዳሳየው ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ በዚያ ማረፊያ ዙሪያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከሚገባው በላይ የተቀራረቡበት 15,214 ጊዜ ተመዝግቧል። መረጃው ቀድሞም እጅ ላይ ነበር፤ የሄሊኮፕተሮቹ መስመር ግን ባለበት ቀጥሎ ነበር።

አንድ ደፋር የፊልም ጸሐፊ ከዚህ ቁጥር ቢጀምር ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ትዕይንት ራዳር ክፍል ላይሆን ይችላል፤ አንድ ሠራተኛ የመቀራረብ ዝርዝሩን ለአለቃው ሲያቀርብ፣ አለቃውም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን ሲል ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የምናየው እያንዳንዱ ተራ ምሽት፣ እያንዳንዱ በሰላም ያረፈ አውሮፕላን፣ ጭንቀቱን ይጨምራል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምክንያቱም በሰላም ባረፉት ቁጥር ዝርዝሩ ይበልጥ ይዘነጋል። ተቆጣጣሪውም በዚህ ፊልም ውስጥ አያንስም፤ እንዲያውም ይገዝፋል። ሌሎች የተዉትን ጉድለት በገዛ ትኩረቱ ሲሸፍን የኖረ ባለሙያ መሆኑን እናያለን፤ ሲሳሳትም የወደቀው ለምን እንደሆነ እንረዳለን። እንዲህ ያለ ፊልም ሐዘንተኛውን አባት አያሳንሰውም፤ ቁጣው ትክክለኛውን በር እንዲያንኳኳ ያደርጋል። የዙሪክ ሌሊት ሪፖርት፣ የሎስ አንጀለሱ ውሳኔ፣ የዋሽንግተኑ ቁጥር ሁሉም ለሕዝብ ክፍት ሰነዶች ናቸው፤ ለፊልሙ ጸሐፊ የሚቀረው ማንበብ ነው። ለእኛ ለተመልካቾች የሚቀረው ደግሞ ቀጣዩ አደጋ ሲነገር የተሳሳተውን ሰው ስም ከመጠየቅ በፊት ያን ቀን አብሮት ማን መቀመጥ ነበረበት፣ ወንበሩንስ ባዶ እንዲሆን የፈቀደው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።